የባቡር መስኮትና ካሜራ፦ ነጸብራቁ ከየት ይመጣል? ብዥታውስ?

ከፉሪ ለቡ ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ባቡር የተሳፈረ ሰው መተሐራ አካባቢ ሲደርስ ስልኩን ማውጣቱ አይቀርም። የፈንታሌ ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ ከሥሩ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተንጣሏል፤ ሐዲዱ ዳር ቁጥቋጦ አለ። ፎቶውን አንስቶ ሲያየው ተራራው ጥርት ብሎ ወጥቷል። ቁጥቋጦው ግን ወደ ጎን ተጎትቶ አረንጓዴና ቡናማ መስመር ብቻ ሆኗል። በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር ታትሟል፤ አጠገቡ የተቀመጡት እናት ነጠላ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ስልኩን ይወቅሳል፤ ሌላ ስልክ ቢኖረኝ ይላል። ስልኩ ግን የደረሰውን ብርሃን ሳይዋሽ ነው የመዘገበው። በዚያች አንዲት ፎቶ ውስጥ የማይዛመዱ ሁለት ነገሮች ሆነዋል። ነጠላው የታየው በውስጥና በውጭ ብርሃን ሚዛን ምክንያት ነው። ቁጥቋጦው የተጎተተው በርቀቱ ምክንያት ነው። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ሰው ነጸብራቁን ሲፈልግ ያጠፋዋል፣ ሲፈልግ ያቆየዋል፤ ብዥታውንም እንደዚሁ። እኔ ከባቡር መስኮት ፎቶ ማንሳትን አጥብቄ የምወደው ስለዚህ ነው። እንቅስቃሴን፣ ርቀትንና ብርሃንን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ቦታ አላውቅም።

ከነጸብራቁ እንጀምር። ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ሁሉም አያልፍም። ፊት ለፊት የመጣ እንደሆነ ከመቶው 4 ያህሉ ከመስታወቱ ገጽ ነጥሮ ይመለሳል። በሌላኛው ገጽ ሲወጣም ሌላ 4 ያህል ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ተራ የመስኮት መስታወት 8 በመቶ ገደማ ያንጸባርቃል ማለት ነው። አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው ባቡሮች መስኮት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይከፈትም፤ የተሠራውም በመካከላቸው ክፍተት ካላቸው ሁለት መስታወቶች ነው። ገጹ አራት ስለሚሆን ነጸብራቁ ወደ 15 በመቶ ይጠጋል። ማታ ባቡር ውስጥ ፊትዎ በመስኮቱ ላይ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዘንበል ብሎ የሚታየውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ እያንዳንዱ መስታወት የራሱን ምስል ይሰጣል።

ይህ 15 በመቶ ቀንም ሆነ ማታ ያው ነው። የሚለዋወጠው የውስጡና የውጩ ብርሃን ሚዛን ነው። ይህን ለማየት ባቡር መሳፈር አያስፈልግም። ማታ ወጥ ቤት መብራት አብርተው በመስኮት ወደ ግቢ ቢመለከቱ የሚታየው የራስዎ ፊትና ምድጃው ነው። መብራቱን ያጥፉት፤ ግቢው ተመልሶ ይመጣል። መስታወቱ እዚያው ነው ያለው፤ ከኋላዎ የነበረው ብርሃን ብቻ ነው የጠፋው።

በቁጥር እንየው። የሚያርፍ ብርሃን በሉክስ ይለካል። በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ ሜዳ ላይ የሚያርፈው ወደ 100,000 ሉክስ ሲሆን በመብራት ብቻ የሚበራ ክፍል ግን ጥቂት መቶ ነው፤ 300 እንበል። የ300 አሥራ አምስት በመቶ 45 ነው። 45 ከ100,000 ጋር ሲወዳደር አይታይም። ሲመሽ የውጩ ብርሃን ወደ 45 ሲወርድ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በታች ሲወርድ መስኮቱ መልክ ማያ ይሆናል።

ታዲያ ነጠላው በቀን ብርሃን እንዴት ታየ? ፀሐይ በመስኮት ገብታ እላዩ ላይ ስላረፈች ነው። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ጨርቅ ከክፍሉ መብራት ጋር ሳይሆን ከሜዳው ጋር ይወዳደራል። ውጭ ያለው ነገር ብሩህ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰማይ ወይም የደረቀ ሣር፣ ነጠላው ተውጦ ይቀራል። ውጭ ያለው ጥቁር ድንጋይ ሲሆን ግን ከራሱ የሚልከው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ነጸብራቁ ይበልጠዋል። ነጸብራቅ ሁልጊዜ የሚታተመው በፎቶው ጨለማ ክፍል ላይ ነው። ይህችን ነገር መያዝ ይጠቅማል፤ ወደ ኋላ ላይ እንፈልጋታለን።

መድኃኒቱም ከዚሁ ይወጣል። ነጸብራቅ የሚጠፋው ከካሜራው ጀርባ ያለውን በማጨለም ነው። የሚለብሱት ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቢሆን ግማሽ ሥራው አለቀ። ቀጥሎ ሌንሱን ወደ መስታወቱ ማስጠጋት፤ ሌንሱ ወደ መስታወቱ በቀረበ ቁጥር ከኋላው ነጥሮ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል። የቀረውን ክፍተት በጥቁር ሻርፕ ወይም በሹራብ እጅጌ መክበብ ይበቃል። ሌንሱን መስታወቱ ላይ ግጥም አድርጎ መደገፍ ግን አልመክርም። መስኮቱ ከባቡሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱን ቀጥታ ወደ ካሜራው ያስተላልፋል። የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ይራቁ፤ እጅዎና ክንድዎ ንዝረቱን ይውጡት። መቅረቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ በመስታወቱ ላይ ያለው አቧራና የጣት አሻራ ከፎከስ ውጭ ሆኖ ይጠፋል።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ ደግሞ ይህ ሚዛን በሰከንዶች ውስጥ ሲገለበጥ ማየት ይችላሉ። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያመራው የሜትሮ ቢጫ መስመር ከሌንፋንት ፕላዛ ጣቢያ እንደወጣ ለጥቂት ጊዜ ዋሻ ውስጥ ይጓዝና ድንገት ብቅ ብሎ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ዋሻው ውስጥ መስኮቱ ላይ የሚታየው የተሳፋሪው ፊት፣ መብራቱና የያዙት ምሰሶ ነው። ድልድዩ ላይ ሲወጣ ፊቶቹ ሁሉ ጠፍተው ወንዙ ይመጣል። ከወንዙ ማዶ ባቡሩ እንደገና መሬት ውስጥ ሲገባ ፊቶቹ ይመለሳሉ። ሥራ አድሮ የሚመለስ ሰው በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ ነጸብራቅን ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ብዥታው። ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ቅጽበት ፎቶ አንሺዎች ሻተር ስፒድ ይሉታል። ሻተሩ 1/60 ሰከንድ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ባቡሩ 55 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። 1/1000 ከሆነ 3.3 ሳንቲ ሜትር። ካሜራው እርስዎ እጅ ላይ ስላለ እሱም ያን ያህል ይሄዳል፤ ውጭ ያለው ሁሉ በአንጻሩ ወደ ኋላ ይጎተታል።

ቁጥቋጦውም ተራራውም ወደ ኋላ የሄዱት እኩል 55 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ 55 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሜትር ርቀት ሲታይ ትልቅ መሆኑ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር ሲታይ ደግሞ ኢምንት መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት 5 ሜትር ላይ ያለ ነገር ፊት ለፊታችን ሲደርስ በሰከንድ 380 ዲግሪ በሚያህል ፍጥነት በዙሪያችን ይዞራል። ይህ በአንድ ሰከንድ ዙሪያውን ጨርሶ ከማለፍ ጋር እኩል ነው። 500 ሜትር ላይ ያለው ከ4 ዲግሪ አያልፍም። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ተራራ 0.2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ከባቡር የተነሳ ፎቶ ላይ ያለ ብዥታ የርቀት መለኪያ ነው። ከፎቶው ግርጌ ወደ ላይ ዓይንዎን ሲያወጡ ብዥታው እየሳሳ የሚሄደው መሬቱ እየራቀ ስለሚሄድ ነው።

ለስልክ ዋና ካሜራ የሚሆን አንድ ቀላል ስሌት አለ። ወርዱ 4,000 ፒክስል ያህል የሆነ ፎቶ፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ከሚጓዝ ባቡር ላይ ሲነሳ፣ የሻተሩ ቁጥር በሜትር ከተለካው ርቀት ጋር ተባዝቶ 100,000 ገደማ ከደረሰ ነገሩ ጥርት ብሎ ይወጣል። 100 ሜትር ላይ ላለ ዛፍ 1/1000 ያስፈልጋል። 1 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ መንደር 1/100 ይበቃል። 20 ሜትር ላይ ለቆመ እረኛ 1/5000 ሊያስፈልግ ነው፤ ያን ያህል ፈጣን ሻተር ደግሞ ጠንካራ ፀሐይ ይጠይቃል። ባቡሩ ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንስ ስሌቱም 50,000 ይሆናል። ዙም አድርገው ሁለት እጥፍ ካቀረቡ በተቃራኒው እጥፍ ይሆናል። ፎቶውን በስልክ ስክሪን ብቻ የሚያዩት ከሆነ የዚህን ሩብ እንኳ ቢያገኙ አይታወቅም።

ሻተሩን ማፍጠን ካልተቻለ አቅጣጫ መቀየር ይቻላል። ቀጥታ ወደ ጎን ሲያነሱ ነገሮች በሙሉ ፍጥነታቸው ነው የሚያልፉት። ካሜራውን ወደ ባቡሩ መሄጃ ወይም ወደ መጣበት ሲያዞሩ ነገሩ ከፊሉን ወደ እርስዎ እየመጣ ወይም እየራቀ ስለሆነ፣ ርቀቱም ስለሚጨምር፣ ጉተታው ይቀንሳል። ከሐዲዱ እኩል በሚርቅ ቦታ ላይ ያለ ነገር፣ ካሜራው ከሐዲዱ ጋር 45 ዲግሪ ሲሠራ ብዥታው በግማሽ ይወርዳል፤ 30 ዲግሪ ሲሆን ወደ ሩብ።

እዚህ ላይ ነው ነጸብራቁና ብዥታው የሚገናኙት። በሰያፍ ሲያነሱ የመስታወቱ ነጸብራቅ ይበረታል፤ አቧራውም ይጎላል። ግን አንድ ማዕዘን ላይ ተፈጥሮ መውጫ ሰጥታለች። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1815 እንዳሳየው፣ ብርሃን መስታወትን ከቀጥታው 56 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ሲመታ የሚመለሰው ነጸብራቅ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ይሆናል። በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብን ብርሃን ደግሞ ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ሊያስቀረው ይችላል። ያ 56 ዲግሪ ከሐዲዱ ሲለካ 34 ዲግሪ ነው። በ34 ዲግሪ ብዥታው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ነጸብራቁ በማጣሪያ የሚጠፋበት አቅጣጫና ብዥታው የሚቀንስበት አቅጣጫ አንድ ሆነው መገኘታቸው ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ፖላራይዘር የሌለው ሰው ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ስልኩ ሌንስ ፊት ሊይዝ ይችላል፤ ግን አያያዙ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እነዚህ መነጽሮች የተሠሩት ከአስፋልትና ከውኃ፣ ማለትም ከተኛ ገጽ የሚመጣን ነጸብራቅ ለማስቀረት ነው። የባቡር መስኮት ግን የቆመ ገጽ ነው። ስለዚህ መነጽሩን እንደሚለበስ አድርገው ከያዙት ነጸብራቁን ያሳልፍና ጥሩውን ብርሃን ያስቀራል። ሩብ ዙር አዙረው፣ አንዱ ሌንስ ከላይ ሌላው ከታች እንዲሆን አድርገው ይያዙት። ማጣሪያው ቢያንስ ግማሹን ብርሃን እንደሚበላ አይርሱ፤ ሻተሩ ያንኑ ያህል ይዘገያል። በሙቀት የተጠናከረ መስታወት ላይም አንዳንዴ የነጠብጣብ ጥላ ያወጣል። ያኔ ማጣሪያውን ትቶ ወደ ጥቁሩ ሻርፕ መመለስ ይሻላል።

ሌላው ዘዴ ነገሩን ተከትሎ ማዞር ነው። አንድ ግራር መርጠው ባቡሩ ሲያልፈው ካሜራውን ከግራሩ ጋር አብረው ያዙሩ፤ ግራሩ በፍሬሙ ውስጥ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ዘገምተኛ ሻተር ቢሆንም ጥርት ይላል። ከግራሩ ወዲህ ያለው ሣር ወደ ኋላ ይጎተታል። ከግራሩ ወዲያ ያለው ተራራ ደግሞ ወደ ፊት ይጎተታል። መልክዓ ምድሩ በሙሉ ዛፉን ማዕከል አድርጎ የሚዞር ይመስላል። በዓይንዎም ይሞክሩት፤ አንድ ዛፍ ላይ ዓይንዎን ተክለው ሲከተሉ ከፊቱና ከኋላው ያለው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄድ ያያሉ።

የዓይን ነገር ከተነሳ፣ መስኮት ዳር ከተቀመጠ ሰው ፊት ለፊት ሲሆኑ ዓይኑን ልብ ብለው ይመልከቱ። አንድ ነገር ተከትሎ በዝግታ ይሄዳል፣ ድንገት ወደ ፊት ይዘላል፣ ሌላ ይይዛል፣ እንደገና ይከተላል። ባለዓይኑ ይህን ማድረጉን አያውቅም። በሕክምና መጻሕፍት ይህ እንቅስቃሴ በባቡር ስም እስከመጠራት ደርሷል። በዓይናችን ስናይ መልክዓ ምድሩ ብዥ የማይልብን፣ በካሜራ ሲነሳ ግን የሚለው በከፊል ስለዚህ ነው፤ ዓይን ያለማቋረጥ ይከተላል፣ ዝም ብሎ የተያዘ ካሜራ ግን አይከተልም።

ካሜራን ተከትሎ በማዞር ከተሠሩት ሁሉ ልቤን የሚነካው የፎቶ አንሺው የፖል ፉስኮ ሥራ ነው። የተገደሉት የአሜሪካ ሴናተር የሮበርት ኬኔዲ አስከሬን እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 1968 ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን በባቡር ሲወሰድ፣ ለሉክ መጽሔት የሚሠራው ፉስኮ ባቡሩ ላይ ነበር። በሐዲዱ ዳርና ዳር ለመሰናበት የወጣውን ሕዝብ ኮዳክሮም በሚባለው የቀለም ፊልም አነሳ፤ ያ ፊልም ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ዘገምተኛ ፊልም ነበር። ባቡሩ አይቆምም፤ ቆመው የሚጠብቁት ሰዎችም አንድ ጊዜ ካለፉ አለፉ። ፉስኮ ካሜራውን ከሰዎቹ ጋር እያዞረ ስላነሳቸው በብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ ሐዘንተኛው ቆሞ ይታያል፤ ሣሩና ቤቱ ይሸሻል። ቀኑ እየመሸ ሲሄድ ብርሃኑ አነሰ፣ ሻተሩ ዘገየ፣ ብዥታው ጨመረ። እነዚያ የምሽት ፎቶዎች ከቀኑ ይልቅ የስንብቱን ነገር ይነግሩኛል። ስሌቱን ጠብቀው ጥርት ቢሉ ኖሮ ይህን አይሉም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስልክ ላይ የሚታይ ሌላ አንድ ጣጣ አለ። የስልክ ሴንሰር ፎቶውን በአንድ ጊዜ አያነብም፤ ረድፍ በረድፍ ከላይ ወደ ታች ያነባል። ከላይኛው ረድፍ እስከ ታችኛው ባለው ጥቂት የሰከንድ ክፋይ ውስጥ ባቡሩ ስለሚሄድ፣ ሐዲዱ ዳር የተተከለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ አናቱ ወደ ባቡሩ መሄጃ ያዘነበለ ሆኖ ይወጣል። ሻተሩን ማፍጠን ይህን አያቃናውም፤ የንባቡ ፍጥነት ነው ምክንያቱ። ስልኩን አቁመው ቢይዙት ግን ንባቡ ወደ ጎን ስለሚሆን ምሰሶዎቹ ይቃናሉ፤ ይልቁንስ ነገሮች ትንሽ ሰፋ ወይም ጠበብ ይላሉ፤ ያ ደግሞ ለዓይን አይከብድም። ስልኩ ብዙ ፎቶ አንስቶ የሚያዋህድበትን ኤችዲአር ማጥፋትም ተገቢ ነው። በአንዱ ፎቶና በሌላው መካከል ቁጥቋጦው ስለሚሄድ ውህደቱ የተቆራረጠ ነገር ይፈጥራል።

እስካሁን ያወራነው በአብዛኛው ስለ ማጥፋት ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ሁለቱን አብሮ የማስቀረቱን ሥራ ነው። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ፊት ከባቡሩ ጋር ይጓዛል። መስታወቱ፣ ፊቱና ካሜራው አንድ ላይ ስለሚሄዱ ለካሜራው ፊቱ የቆመ ነገር ነው። የሚያልፈው ውጭ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ሻተሩን ሆን ብለው ቢያዘገዩት ፊቱ ጥርት ብሎ፣ ከተማው በላዩ ላይ እየፈሰሰ ይወጣል። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል። በ1/15 ሰከንድ 67 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ የሱቁን መብራት መስመር ለማድረግ ይበቃል፣ በጥንቃቄ ለተያዘ ስልክ ግን ገና አይረዝምም።

ለዚህ ሥራ የውስጡና የውጩ ብርሃን እኩል መሆን አለበት። እኛ አገር ያ ጊዜ አጭር ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ስለዚህ ወንበሩን ቀድሞ መያዝ ግድ ነው። ፎከስን በተመለከተ፣ ከመስታወቱ ግማሽ ሜትር የራቀ ፊት በካሜራ ዓይን የሚገኘው ከመስታወቱ ማዶ ግማሽ ሜትር ላይ ነው። መስታወቱ ላይ ፎከስ ካደረጉ የሚያገኙት አቧራውን ነው። ፊቱን ነክተው ይቆልፉት። የሌላ ተሳፋሪ ፊት ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በነጸብራቅ የተነሳ ሰውም ያው የተነሳ ሰው ነው።

ከዚያ የሚቀረው ፊቱ የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ ነው። ነጸብራቅ በጨለማው ላይ ይታተማል ብለን ነበር። ፊቱ ሰማዩ ላይ ከዋለ ይጠፋል፤ የሕንፃ ጥላ ወይም የዛፍ ግድግዳ ላይ ከዋለ ይወጣል። ከወንበርዎ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ቢሉ የፊቱ ቦታ ከአድማሱ በላይ ወይም በታች ይሆናል። ከአድማሱ በታች ያድርጉት፤ ከዚያ ጥቁር ሕንፃ እስኪመጣ ይጠብቁና ይጫኑ።